ጥር ላይ ኮቱን ግዙ፣ አንሶላውን ተዉት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ገና አልፎ ጥምቀት ሲደርስ ጋዜጣችሁም ፌስቡኩም የሱቅ ማስታወቂያ ብቻ ነው የሚሆነው፣ 50 ፐርሰንት፣ 70 ፐርሰንት፣ የዊንተር ማጣሪያ፣ የመጨረሻ ቀን ምናምን። የኛ ሰው ደግሞ "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" እየተባለ ያደገ ስለሆነ ጥር ላይ ብር ለማውጣት ብዙ መገፋት አያስፈልገውም። እኔ እዚህ ሜሪላንድ አንድ ትልቅ ዲፓርትመንት ስቶር ውስጥ አንሶላና ፎጣ ክፍል ነው የምሰራው፣ ከዛ በፊት የሴቶች ኮት ጋ ነበርኩ፣ የሱቁን ስም አልጠራም እንጀራዬ ነው። ግን በየአመቱ ሰዋችን ሁለት ጋሪ ሞልቶ ካሽየሩ ጋ ሲሰለፍ እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። በአጭሩ ልበለው፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ የክረምት ልብስ ቅናሹ ባብዛኛው የእውነት ነው፣ የአንሶላና የፎጣው ቅናሽ ግን ባብዛኛው ጨዋታ ነው።

ለምን በሉኝ። ኮት ቦታ ይበላል። ጃንዋሪ ላይ ውጪ በረዶ እየጣለ እኛ ጋ የስፕሪንጉ እቃ በካርቶን በካርቶን እየገባ ነው፣ ስስ ቀሚስ፣ ሰንደል፣ የዋና ልብስ ሳይቀር፣ እና መስቀያ የለም። በዛ ላይ የብዙዎቹ የአሜሪካ ትልልቅ ሱቆች የሂሳብ አመት የሚዘጋው ዲሴምበር መጨረሻ ሳይሆን ጃንዋሪ ሲያልቅ አካባቢ ነው፣ ከቆጠራ በፊት መጋዘኑ ቀለል እንዲል ይፈልጋሉ። ኮት ደግሞ ለከርሞ ቢቀመጥ ፋሽኑ ያልፍበታል፣ ማስቀመጫውም ራሱ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ማናጀሯ ቀንሱ ትላለች እኛም ታጉ ላይ ቀይ ስቲከር እንለጥፋለን፣ ትንሽ ቆይቶ ካልሄደ በላዩ ላይ ሌላ ስቲከር፣ ከዛ ሌላ። እስቲ አንዳንዴ የላይኛውን ስቲከር በጥፍራችሁ ላጥ አድርጉት፣ ከስር ያሉትን ዋጋዎች በተራ ታገኟቸዋላችሁ፣ ባለሶስት ስቲከር ኮት ካገኛችሁ ሱቁ የምር ሊገላገለው የፈለገ ነው ማለት ነው። (ማናጀሬ ይሄን አታንብብ።)

መቼም ችግር የለውም አልልም፣ ዋጋው በጣም በወረደ ጊዜ የሚቀረው ወይ ለህፃን የሚሆን ኤክስ ስሞል ነው ወይ ድንኳን የሚያክል፣ ቀለሙም ማንም ያልፈለገው የሰናፍጭ ቢጫ ይሆናል፣ መሀለኛ ሳይዝ የምትለብሱ ሰዎች የመጀመሪያው ወይ የሁለተኛው ቅናሽ ላይ ብታነሱት ይሻላል። ዚፑን ከታች እስከ ላይ ስባችሁ ሞክሩ፣ ብብቱ ስር ስፌቱን እዩ፣ የላባ ጃኬት ከሆነ በእጃችሁ ጨበጥ ለቀቅ አድርጉትና ላባ በስፌቱ የሚያፈስ ከሆነ መልሱት፣ ቤት ወስዳችሁ አንድ አመት ሙሉ ጥቁር ሹራብ ላይ ላባ ስትለቅሙ ትኖራላችሁ። ክሊራንስ (ማጣሪያ) ላይ ደግሞ "ፋይናል ሴል" የሚል ካለበት መመለስ የለም አለቀ፣ ካሽየሯን ብትቆጧት እሷ ምንም ማድረግ አትችልም፣ እባካችሁ አትቆጡን።

አንድ ሂሳብ ላይ ሁሌ ጭቅጭቅ አለ። ታጉ ላይ 50 ፐርሰንት ቅናሽ ይልና በር ላይ ደግሞ "ተጨማሪ 40 ፐርሰንት" ተብሎ ይፃፋል፣ ሰዉ ደምሮ 90 ያደርገዋል። አይደለም። የ100 ዶላር ኮት መጀመሪያ 50 ይሆናል፣ ከዛ 40 ፐርሰንቱ የሚቀነሰው ከ50ው ላይ ነው፣ 20 ይቀንስና 30 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ ቅናሹ በጠቅላላ 70 ፐርሰንት ነው ማለት ነው፣ እዚህ ሜሪላንድ ደግሞ 6 ፐርሰንት ታክስ አለው። 30 ዶላር ራሱ አሪፍ ዋጋ ነው እኮ፣ ግን 10 ዶላር ነው ብሎ መጥቶ ለሚቆጣ ሰው አሪፍ አይመስልም።

አሁን ወደ አንሶላው። አንሶላ ሲዝን የለውም። ነጭ አንሶላ ጃንዋሪም ነጭ ነው ጁላይም ነጭ ነው፣ ፋሽኑ አለፈ ተብሎ የሚጣል ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ሱቁ የሚያጣድፈው ምንም ነገር የለም። ታዲያ ለምን ጃንዋሪ ላይ ይቀነሳል ካላችሁ ነገሩ የቆየ ነው፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ጆን ዋናሜከር የሚባል ባለሱቅ 1878 ጃንዋሪ ላይ ከበዓል በኋላ ገበያ ሲቀዘቅዝበት አንሶላና የአልጋ ጨርቁን በርካሽ አውጥቶ ሸጠ፣ ያኔ የአልጋ ልብስ ሁሉ ነጭ ስለነበር "ዋይት ሴል" ተባለ፣ ይኸው እስከዛሬ ጃንዋሪ በመጣ ቁጥር ሱቁ ሁሉ ያንኑ ይደግማል። የሚገርመው ይሄ ዋናሜከር የሚባለው ሰውዬ በየእቃው ላይ ዋጋ ለጥፎ፣ ክርክር የለም ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው በማለት ስም ያተረፈ ሰው ነው። አሁን ግን ታጉ ላይ የሚፃፈው "የበፊት ዋጋ" መርካቶ ነጋዴው መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ማለት ነው፣ ማንም እንዲከፍለው ተብሎ የተጠራ አይደለም፣ ልዩነቱ መርካቶ ላይ "ኧረ ተው ወንድሜ" ብለህ ግማሽ ላይ ታወርደዋለህ፣ እዚህ ግን ራሳቸው ጠርተው ራሳቸው አውርደው አንተ ያሸነፍክ እየመሰለህ ትወጣለህ።

ህግ የለም እንዴ የምትሉ አላችሁ። አለ። የአሜሪካው የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ከ1960ዎቹ ጀምሮ የያዘው መመሪያ አለ፣ የበፊት ዋጋ ተብሎ የሚፃፈው እቃው የምር ለህዝብ በቂ ለሚባል ጊዜ የቀረበበት ዋጋ መሆን አለበት ይላል። በቂ ጊዜ ስንት ነው ብትሉ ቁጥር የለውም፣ እዛ ላይ ነው ነገሩ የሚላላው። የአውሮፓ ህብረት አገሮች ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎች በዚህ ትሻላላችሁ፣ ከ2022 ሜይ መጨረሻ ጀምሮ ሱቅ ቅናሽ አለ ሲል የሚያወዳድረው ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ከነበረው ዝቅተኛ ዋጋ ጋር ነው መሆን ያለበት።

ግን ጥፋቱን ሁሉ ሱቁ ላይ አልጭንም፣ እኛም ቅናሽ የሚል ካላየን አንገዛም። ጄሲ ፔኒ የሚባለው የአሜሪካ ትልቅ ሱቅ ያለ ቅናሽ መሸጥን ሞክሮት ነበር፣ 2012 ላይ ከአፕል ሱቆች ያመጡት ሮን ጆንሰን የሚባል አለቃ ኩፖኑንም ሴሉንም አጥፍቶ በየቀኑ ያው ትክክለኛ ዋጋ ይሁን አለ። ሰዉ ሸሸ። በዛ አመት ሽያጫቸው ሩብ ያህል ወደቀ፣ ሰውየው 2013 ኤፕሪል ላይ ተባረረ፣ ኩፖኑም ተመለሰ። ስለዚህ የትኛው ሱቅ ነው ከዛ በኋላ ደፍሮ እውነተኛውን ዋጋ ብቻ የሚለጥፈው?

እና አንሶላ ስትገዙ ፐርሰንቱን እርሱትና እቃውን እዩ። በቅርቡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ደርበው መጡና ሁለት ፓኬት ይዘው "የኔ ልጅ፣ ይሄኛው 1800 ነው የሚለው ያኛው 400 ነው፣ 1800ው ይሻላል አይደል?" አሉኝ። እማማ ይገልብጡት አልኳቸው፣ ገልብጬ ጠርዙ ላይ ያለችውን ደቃቅ ፅሁፍ አነበብኩላቸው፣ መቶ ፐርሰንት ፖሊስተር። 1800 የተባለው የክር ቁጥር ሳይሆን የሞዴል ስም ነው፣ ሆን ብለው በትልቁ ይፅፉታል። "ፕላስቲክ ነው በይኛ!" ብለው ሳቁና 400ውን ኮተን ይዘው ሄዱ።

የትሬድ ካውንት (የክር ቁጥር) ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፣ በአንድ ኢንች ካሬ ውስጥ ቁመቱና አግድሙ ላይ ያለው ክር ተቆጥሮ ነው የሚወጣው፣ ከ200 እስከ 400 ጥሩ ኮተን ከሆነ ከበቂ በላይ ነው። 1000 ምናምን የሚሉት ብዙ ጊዜ አንዱን ክር ከሁለት ከሶስት ቀጫጭን ክር ገምደው እያንዳንዱን ለብቻ እየቆጠሩት ነው፣ ጨርቁ እንደውም ይከብዳል፣ አየር አያስገባም። "የግብፅ ጥጥ" የሚለውም እንደዛው ነው፣ 2016 ላይ ታርጌት የሚባለው ትልቅ ሱቅ ዌልስፐን ከሚባል የህንድ ፋብሪካ የገዛውና የግብፅ ጥጥ ብሎ ሲሸጠው የነበረው አንሶላ ሌላ ጥጥ ሆኖ ተገኝቶ ከፋብሪካው ጋር ተቆራርጦ ለደንበኞቹ ብር መልሷል፣ 750,000 የሚሆን አንሶላና የትራስ ልብስ ነው ያኔ የተነካው። ታርጌትን የሚያክል ከተሸወደ እኔና እናንተ በዓይን አይተን የምናውቀው ነገር አይደለም። ከምን እንደተሰራ የምትናገረዋ ትንሿ ፅሁፍ ግን በህግ የግድ መኖር ያለባት ስለሆነች ፓኬቱ ላይ በትልቁ ከተፃፈው ይልቅ እሷን እመኑ። ፎጣ ከሆነ ደግሞ ወደ መብራቱ ዘርጉትና እዩት፣ ብርሃን እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ከሆነ ሁለት ሶስት እጥበት ነው እድሜው።

ሀገር ቤት ለምትልኩ ደግሞ ይሄ ዋናው ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ብሩን የሚያቃጥለው። የአልጋ ሳይዝ አይገጥምም! አዲስ አበባ አልጋ በሜትር ነው የሚሸጠው፣ 1.20፣ 1.50፣ 1.80። እዚህ ኩዊን የሚባለው 60 ኢንች ነው፣ 1.52 ሜትር ገደማ፣ ለ1.50ው ልክክ ይላል። ፉል የሚባለው ግን 54 ኢንች ነው፣ 1.37፣ ለ1.20ው ይሰፋል ለ1.50ው ይጠባል፣ ለማንም አይሆንም፣ ክሊራንስ ላይ ደግሞ ተርፎ የምታገኙት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ኪንግ 76 ኢንች ነው፣ 1.93፣ 1.80 አልጋ ላይ ትርፍ አለው ግን ይታጠፋል፣ ይሁን። ባለላስቲኩ የዚህ ሀገር ወፍራም ፍራሽ ታስቦ የተሰፋ ስለሆነ የዛ ሀገር ቀጭን ስፖንጅ ላይ ይንሸራተታል፣ ለእናቴ የምልከው ላስቲክ የሌለውን ብቻ ነው፣ እሱንም ከጋቢዋ ስር ነው የምታደርገው፣ ኮምፎርተሩ (ወፍራሙ የአልጋ ልብስ) እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው የሚወጣው።

የሻንጣ ኪሎም አለ። ኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዚህ ሲሄድ ለኢኮኖሚ ባብዛኛው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው፣ ፎጣና አንሶላ ደግሞ ድንጋይ ነው። የላባ ጃኬት ግን ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም፣ አየሩን አስወጥቶ በሚዘጋ ከረጢት ብታደርጉት አንድ መፅሐፍ ታህል ትሆናለች፣ ጃንዋሪ ላይ የገዛችሁት ቀለል ያለ ጃኬት ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ዝናቡ ውስጥ ያስፈልጋል፣ ያ ቺካጎ የሚለበሰው ጉልበት ድረስ የሚወርደው ፓርካ ግን ማንም አይለብሰውም፣ ደብረ ብርሃንም ቢሆን ይበዛበታል።

የሱቁን ክሬዲት ካርድ ነገር ሳልናገር ብቀር ህሊናዬ ይወቅሰኛል። ካሽየሯ "ካርድ ክፈቺ ዛሬ 20 ፐርሰንት ይቀነስልሻል" ትላችኋለች፣ እንድትል ስለታዘዘች ነው፣ እኛም ስንት ሰው እንዳስከፈትን እንቆጠራለን። የብዙዎቹ የሱቅ ካርዶች ወለድ በአመት ከ30 ፐርሰንት በላይ ነው። ወሩ ሳያልቅ ሙሉውን የምትከፍሉ ከሆነ ግድ የለም ክፈቱ፣ ካልሆነ ግን "የለም የኔ እህት አመሰግናለሁ" በሉን፣ አንቀየምም።

አሁን የናንተን የአዘጋጆቹን ነገር ልንገራችሁ። ማስታወቂያ ገንዘባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አታውጡ አልልም። ግን ማስታወቂያ ሲያመጡላችሁ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቋቸው፣ ከፐርሰንቱ ጋር የመጨረሻውን ዋጋ በዶላር ፃፉ በሏቸው፣ መመለስ ይቻላል አይቻልም የሚለውንም በአማርኛ ፃፉ በሏቸው፣ ምክንያቱም ፋይናል ሴል የሚለውን በእንግሊዝኛ አንብበው የማይረዱ እናቶች ናቸው ደረሰኝ ይዘው እኛ ጋ መጥተው ተሳቀው የሚመለሱት። ከቻላችሁ ደግሞ ያንን የአልጋ ልክ በሜትርና በኢንች አንድ ጥግ ላይ አውጡልን፣ ሰው ቆርጦ ቦርሳው ውስጥ ይይዘዋል። ኮት ለምትፈልጉ፣ ፌብሩዋሪ ላይ የፕሬዝደንቶች ቀን የሚባለው የአሜሪካ በዓል ሰኞ ስለሆነ ከሱ በኋላ ባለው ማክሰኞ ጠዋት ኑ፣ ሰው የለም፣ ያልተሸጠውም መስቀያው ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ