ሰዓት ከመደልደልዎ በፊት ቴክኒሻኑን ይጠይቁት

ይድረስ ለሠራዊቱ የቴክኒክ ሥልጠና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

የቴክኒሻኖች ኮርስ ሲከለስ ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ያውቁታል። አሠልጣኞች ይሰበሰባሉ፣ የአምራቹ ማንዋል ይገለጣል፣ ከዚያ ሁሉም «የእኔ ሰዓት አይነካ» ይላል። ተሽከርካሪ ሥር ተኝቶ ብሎን የሚፈታው ወጣት ግን አይጠየቅም። የምጽፍልዎ ስለ እሱ ነው።

የሥራ ትንተና እሱን መጠየቅ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኮዳፕ በተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሠራበት ቆይቷል። የአንድ ሙያ ተግባራት በቅጽ ላይ አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ፤ ብዛታቸው መቶዎች ይደርሳል። ቴክኒሻኑ የሚሠራቸውን ይለያል፣ ከሌላው ሥራው አንጻር የሚወስዱበትን ጊዜም ይመዝናል። ልምድ ያላቸው አለቆች ደግሞ የቱ ለመማር እንደሚከብድና የቱ ለጀማሪ በኮርስ መሰጠት እንዳለበት ደረጃ ያወጣሉ። ያኔ ጀማሪ የማይነካው ሥራ ስንት ሰዓት እየበላ እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያንን ሥራ በኋላ ወደሚሰጥ ኮርስ ማዛወር ይቻላል።

አደራ የምልዎት ግን ድግግሞሽን ብቻ ቆጥረው እንዳይወስኑ ነው። ዘይት መቀየር ዘወትር ይሠራል፤ ጀማሪው ከነባሩ ጎን ቆሞ ይለምደዋል። ዘይት በከፍተኛ ግፊት የሚያልፍበትን የሃይድሮሊክ ቱቦ፣ ሲያፈስ ቀዳዳውን በእጅ ዳብሶ መፈለግስ? ግፊቱ ዘይቱን ቆዳ በስቶ ያስገባዋል። ላዩ ላይ የምትታየው ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ታህላለች፣ ሕመሙም መጀመሪያ ላይ ቀላል ሊሆን ይችላል። ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ግን ጣት ያስቆርጣል። እንዲህ ያለው አደጋ በድግግሞሽ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ቅጹ ሁለት ነገር ይጨምር፦ ተግባሩ ከተበላሸ ምን ይከተላል? ማንዋል ገልጦ ለማየት ጊዜ አለ ወይስ ወዲያው እርምጃ መውሰድ ነው የሚያስፈልገው? ጊዜ የማይሰጠውን ደጋግመው ይለማመዱት፤ የሚጠብቀውን ማንዋሉ ይሸከመው።

ቅጹ የግል ብቃት መመዘኛ አይሁን። አለቃው እንደሚያየው ካወቀ፣ የትኛውም ወጣት «ይህን አልሠራም» ብሎ አይሞላም። መረጃው ያኔ ዋጋ የለውም። ደግሞም ከዋናው ጋራዥ ብቻ አይሰብስቡ። መስክ ላይ ያለው ቴክኒሻን መለዋወጫ ሲያጣ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው።

ቀጣዩ ክለሳ ሳይጀመር ቅጹ ወደ ክፍሎቹ ይላክ። ውጤቱም የሰዓት ድልድሉ ከመጽደቁ በፊት ለአሠልጣኞቹ ይቅረብላቸው።

ከአክብሮት ጋር