አባባ፣ የቤቱን ገንዘብ ለመጻሕፍት መደብር አዋልኩት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይንዎ ካስቸገረዎ ወንድሜ ያንብብልዎ፤ ግን ቀስ ብሎ ያንብበው፣ የሚዘለል ነገር የለውም።

በስልክ ያልነገርኩዎ ነገር አለ። መስመሩ ሲቆራረጥ እተወዋለሁ፣ ሲስተካከል ደግሞ እፈራለሁ። የቤቱን ጣሪያ ለመቀየር፣ የጓሮውንም ሰርቪስ ለማስጨረስ እልካለሁ ያልኩት የዕቁብ ገንዘብ በኅዳር ደርሶኛል። 18,000 ዶላር ነው። አልላክሁትም። ሱቅ ተከራየሁበት፤ የመጻሕፍት መደብር ልከፍት ነው።

እዚህ ያሉ ጓደኞቼ ሲሰሙ "መጽሐፍ ማን ይገዛል? ምግብ ቤት ወይ ጸጉር ቤት አይሻልሽም?" አሉኝ። እርስዎም ይህንኑ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግን አባባ፣ ይህን ሥራ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አራዳ የነበረችው ሱቅዎ ውስጥ፣ ከሳሙናውና ከሻማው በላይ፣ በጋዜጣ የተለበዱት መጻሕፍት የሚደረደሩበት ጣውላ ነበር። በቀን 25 ሳንቲም፣ ማስያዣው መታወቂያ። ሳይጨርስ ቀኑ ያለፈበት ተማሪ ሌላ 25 ሳንቲም ጨብጦ ሲመጣ መዝጋቢዋ እኔ ነበርኩ። ጎረቤት "ይህ ጣውላ ስኳር ቢደረደርበት ይሻል ነበር" ሲልዎ "የሚያነብ ሰው ለሳሙናውም ተመልሶ ይመጣል" ያሉትን አልረሳሁም።

በድንገትም የገባሁበት አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠረጴዛ ዘርግቼ ሸጫለሁ። ከሁሉ የሚፈልጉት የፊደል ገበታና የልጆች መጽሐፍ ነው፤ እዚህ የተወለዱት ልጆች አማርኛ ይሰማሉ፣ ማንበብ ግን አይችሉም፣ እናቶች ይህ ያንገበግባቸዋል። አንድ ቀን ግን ሌላ ሰው መጣ። ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ ዕድሜው ወደ እርስዎ የሚጠጋ። በተማሪነቱ ተከራይቶ ያነበበውን መጽሐፍ አገኘ። ጓንቱን አውልቆ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ ሰዓት ያህል አንብቦ በትክክል መልሶ አስቀመጠና ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ ካቆመበት ቀጠለ። እኔም ገጹ ላይ ወረቀት አደረግሁለት፣ ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ "ተይዟል" አልኩ። በስድስተኛው እሁድ ጨረሰው። 20 ዶላር አውጥቶ በእጄ አደረገና "ይሄ ለኪራዩ ነው" ብሎ መጽሐፉን ሳይወስድ ሄደ። ለዚያ ሰው ወንበር አልነበረኝም፣ አባባ። ስድስት እሁድ በብርድ ቆሞ ነው ያነበበው። ሱቁን የተከራየሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ሒሳቡን ልንገርዎ፣ መቼም ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ዋጋው ከጀርባው ታትሞ ይመጣል። 20 ዶላር የሚለውን ከአከፋፋይ በ12 ዶላር ገደማ አገኘዋለሁ። ኪራይ፣ መብራት፣ ኢንሹራንስ፣ ሰው በካርድ ሲከፍል የሚቆረጠው፣ ሁሉም ከቀሪው 8 ዶላር ነው የሚወጣው። በኢንተርኔት የሚሸጡት ትልልቆቹ አንዳንዱን መጽሐፍ እኔ በምገዛበት ዋጋ ይሸጡታል፤ በዋጋ ልወዳደራቸው አልችልም። አንድ የሚያሳርፍ ነገር አለ፤ ያልተሸጠ መጽሐፍ ለአሳታሚው ይመለሳል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ባለሱቆች መጽሐፍ ማስገባት ፈርተው ስለነበር እንዲደፍሩ ተብሎ የተጀመረ ልማድ ነው፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። የመመለሻውን ማጓጓዣ ግን የምከፍለው እኔ ነኝ።

የአማርኛው መንገዱ ሌላ ነው። አብዛኛው ደራሲ በራሱ ገንዘብ ያሳተመ ነው፣ መልሶ የሚቀበለኝ የለም፤ ከገዛሁት የእኔው ነው። እስካሁን ሰዎች ከአዲስ አበባ ሲመጡ በሻንጣ ነበር የማስመጣው፤ በ23 ኪሎ ሻንጣ 60 ያህል መጽሐፍ ይገባል። አንድ ጊዜ በካርቶን በጭነት ሳስመጣ ከታች ያሉት በውኃ ርሰው ደረሱ፤ 41 መጽሐፍ ገጹ ተጣብቆ ተጣለ። ተጠያቂም አላገኘሁም። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የዋጋው ነገር ነው። ደንበኛው ያገላብጠውና ከጀርባው ያለውን ብር ወደ ዶላር ይመነዝራል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ 300 ብር የሚለው መጽሐፍ ሦስት ዶላር እንኳ አይሞላም፤ እኔ ደግሞ 15 ስለው ፊቱ ይለወጣል። በአየር የተሻገረበትን የኪሎ ሒሳብ፣ ገበያ ዞሮ የመረጠውን ሰው ድካም አስረዳለሁ። አንዳንዱ ይረዳኛል፣ አንዳንዱ አስቀምጦት ይሄዳል።

ቤት ፍለጋውም አደከመኝ። የመጀመሪያው አከራይ ልንፈራረም ሦስት ቀን ሲቀረን ለሌላ ሰው ሰጠብኝ። አሁን የያዝኩት ከፌንተን መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ቅርብ ናቸው፣ ሰው በልቶ ሲወጣ በደጄ ያልፋል። ከኪራዩ ሌላ የሕንፃውን ግብር፣ የጥገናውንም ድርሻ መክፈል አለብኝ፣ ውሉም የአምስት ዓመት ነው። የሌሊት ሥራዬን አልለቀቅሁም፤ ሌሊት አረጋውያንን ስንከባከብ አድሬ ቀን ሱቅ እውላለሁ።

ደግሞ ይህን ይስሙ። ዋሽንግተን ውስጥ ፖለቲክስ ኤንድ ፕሮዝ የሚባል መደብር አለ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. በትንሽ ቤት የተከፈተ። በ1989 መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሰፊው ቤት ሲዛወር መጻሕፍቱን በእጃቸው ተሸክመው ያሻገሩት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ባነበብኩ ቀን የእኛን አገር ደቦ አሰብኩ። ያ መደብር እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ሰው የእኔ የሚለው ሱቅ እንዲህ ይሆናል።

አሁን የምለምንዎ አለኝ። ወንድሜን ለአንድ ሳምንት አዲስ አበባ ይላኩልኝ፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ። አዲሶቹን ከመደብሮቹ፣ የቆዩትን ከለገሃርና ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ይፈልግ። ምን እንደሚገዛ እርስዎ ዝርዝር ይጻፉለት፤ ድሮ ከጣውላው ላይ የማያርፉት የትኞቹ እንደነበሩ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ሲገዛ እያንዳንዱን ይግለጠው፤ ገጽ የጎደለ፣ ተገልብጦ የተሰፋ አይውሰድ። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ሥዕሉ አመድ የመሰለ ከሆነ ያለ ደራሲው ፈቃድ የተባዛ ሳይሆን አይቀርም፤ በግማሽ ዋጋ ቢሰጡትም አይንካው። ያን መጽሐፍ የጻፈው ሰው የመታተሚያውን ዕዳ ገና ከፍሎ አልጨረሰ ይሆናል፤ በእኔ መደርደሪያ ላይ ሌላ ሰው ሲበላበት ማየት አልፈልግም። የትግርኛና የኦሮምኛም ይጨምር።

የምከፍተው በፋሲካ ሳምንት ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18 ነው። በኤፕሪል የመጨረሻው ቅዳሜ እዚህ አገር የራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ትንንሽ መጻሕፍት መደብሮች በየዓመቱ የሚያከብሩት ቀናቸው ነው፤ በዚያው ልጀምር ብዬ ነው።

ጣሪያውን አልረሳሁም። የሚያፈሰውን ቦታ የሚያስጠግን ገንዘብ በዚህ ወር እልካለሁ፣ ክረምት ሳይገባ እንዲደርስ። ሰርቪሱ ግን ይቆያል። እማዬ ተከራይ አስገብታ ኪራይ እቀበላለሁ ብላ እንደነበር አውቃለሁ፤ ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። ለእሷም እርስዎ ቀስ ብለው ይንገሯት።

ሌላ አንድ ነገር። የኪራይ ደብተርዎ፣ ያ ጠርዙ በቀይ ጨርቅ የተሰፋው፣ በእማዬ ሳንዱቅ ውስጥ ካለ ከመጻሕፍቱ ጋር ይላኩልኝ። ባንኮኒው ላይ አስቀምጠዋለሁ። የልጅነት ጽሕፈቴም እዚያ ውስጥ ነው።

ቢቆጡኝ አይፈረድብዎም። ግን በስልክ አይሁን። ቁጣዎንም ቢሆን ጽፈው ይላኩልኝ።

ልጅዎ