የድንኳኑን መብራት ማን ይዘርጋ?

አባታችን ወደ አኺራ ከሄደ አንድ ወር አለፈው። ይህን ምስጋና ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። ማንን አስቀድሜ ማንን ላስከትል? እዚህ ደሴ ከፒያሳ፣ ከሸዋበር፣ ከሆጤ፣ ከሰኞ ገበያ ያልመጣ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ከኮምቦልቻም ሁለት ቅጥቅጥ ሙሉ ሰው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መጥቷል። ስለዚህ የዘለልኩት ሰው ካለ አፉ ይበለኝ።

ስም እየጠራሁ አላመሰግንም። የእሱንም ስም አልጽፍም። ስሙ በማይክ ሲጠራ አንገቱን የሚደፋ ሰው ነበር። ለሰፈሩ "ኤሌክትሪሻኑ" ካልኩ ያውቀዋል። ለእኛ አባዬ ነው።

ከቀብሩ ማታ ልጀምር። የተቀበረው ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ወንዶቹ ከመቃብር ሳይመለሱ የቅሬው ወጣቶች ድንኳኑን ተክለው፣ ምንጣፉን አንጥፈው ጨርሰዋል። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ሞላው። መሸ። ሰው በዳበሳ ይገባል፣ በዳበሳ ይቀመጣል። አንድ የቅሬው አባት፣ "መብራቱን ማን ይዘርጋ?" አሉ።

መልስ የሰጠ የለም።

ለማያውቅ ላስረዳ። ቅሬ ሌላ አገር እድር የሚባለው ነው። የእኛ ቅሬ ድንኳን አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ አግዳሚ አለው። መብራት ግን አልነበረውም። መብራቱ አባዬ ነበር። የሞተው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ድንኳኑ የሰርግ ይሁን የለቅሶ፣ ተተከለ ከተባለ ያንን ጥቅል ገመድ ትከሻው ላይ አንግቶ ይወጣል። ሃምሳ ሜትር ኬብል ነው፣ አሥራ ሁለት አምፖል ያለበት። መስመሩን ከየትኛው ጎረቤት ቆጣሪ እንደሚስብ ያውቃል። ክረምት ከሆነ ቅጥያዎቹን ዝናብ ከማይደርስበት ይሰቅላል። ሲያበቃ ጠቅልሎ ይመለሳል። ለዚህ ሥራ አንድ ብር ተቀብሎ አያውቅም። ልጅ ሆኜ "ለምን አታስከፍላቸውም?" ብዬው፣ "እኔን ሲቀብሩ ያስከፍሉኛል?" አለኝ።

ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ስለኖርን "ማን ይዘርጋ?" ተብሎ አያውቅም ነበር። ብዙዎቻችን መሞቱን ያወቅነው ያኔ ይመስለኛል፣ በዚያ ጨለማ።

ከዚያ የመጀመሪያ ረዳቱ ደረሰ። ዛሬ ኮምቦልቻ የራሱ ሱቅ አለው፣ የልጆች አባት ነው። ሐረጎ ላይ ጉም ይዞት ቀብሩ አምልጦታል። ሰላም እንኳ ሳይለኝ "ገመዱ የት ነው?" አለ። ከጓዳ አወጣሁለት። መሰላሉን ፈልገን አጣነው (ስለ መሰላሉ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ)። አግዳሚ ላይ እየወጣ አንድ በአንድ ሰቀለ። ሰካው። አሥራ አንዱ በራ። ሰባተኛው እምቢ አለ። ያ አምፖል ሁሌም እንዲህ ነው፤ አባዬ በጣቱ ጫፍ መታ ያደርገው ነበር። ረዳቱም መታ አደረገው። በራ። ከዚያ እዚያው አግዳሚው ላይ እንደቆመ ማልቀስ ጀመረ።

ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። ከማንም በፊት አንተን ማመስገን ፈልጌ ነው።

አባዬ ሥራውን የተማረው ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ነው። ረዳት ሆኖ ገብቶ የሞተር ሠራተኛ ሆኖ ወጣ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ጠዋት ሹራብ ለብሶ ይወርዳል፣ ቀን በሸሚዝ ይውላል፣ ማታ ሹራቡን ለብሶ ይመለሳል። እማዬ "ባለ ሁለት አገር" ትለው ነበር። በኋላ ደሴ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ቀን የቤት መብራት ይዘረጋል፣ ማታ የተቃጠለ ሞተር ይጠቀልላል።

ሞተር መጠቅለል ትዕግሥት ይፈልጋል። የተቃጠለውን ሽቦ ከመጣል በፊት ዙሩን መቁጠር ያስፈልጋል። አዲሱም በዚያው ልክ መጠምጠም አለበት፤ ከተሳሳተ ሞተሩ ይግላል፣ ተመልሶ ይቃጠላል። አባዬ ሽቦውን ይፈታል፣ እኛ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ጮክ ብለን እንቆጥራለን። እኔ ቁጥር የተማርኩት በሞተር ነው። ታናሽ እህቴ ሃምሳ ላይ ስትደርስ ትተኛለች። እሱ ተሸክሞ ያስተኛትና ከሃምሳ አንድ ይቀጥላል።

አባዬ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የምጣዱን ሶኬት ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው። ይህን ሁሉ በቀጭን የአምፖል ሽቦ የሚስብ ቤት ስንት አለ መሰላችሁ! ግድግዳውን ይነካና ከሞቀ ይቆጣል። "ይሄ ሽቦ እኮ ውስጥ ውስጡን እየበሰለ ነው" ይላል። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ወፍራም ሽቦ ጠምዝዞ የሚከት ሰው ካገኘማ ቡናቸውንም አይጠጣ። እናቶች ለቅሶ ላይ ይህን እያነሱ ሳቁ። የሳቃችሁትን ሁሉ አመሰግናለሁ፤ እማዬ በሦስት ቀን ውስጥ ፈገግ ያለችው ያኔ ብቻ ነው።

ግድግዳውን ሲነካ ሁሌ በእጁ ጀርባ ነው። ጠይቄዋለሁ። መብራት ከያዘ ጡንቻን ያኮማትራል፣ በመዳፍ የነካ ሳይወድ ይጨብጠዋል፣ በጀርባው የነካ ግን እጁ ወደ ራሱ ይሰበሰባል አለኝ። ይህ ልማድ ሆኖበት እኛን ሲያተኩሰንም ግንባራችንን በእጁ ጀርባ ነበር የሚነካው። የሌሎች አባቶች በመዳፍ እንደሚነኩ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ልቡ ደክሞ ለአራት ወር ሆስፒታል ስንመላለስ እኔም እንዲሁ ነበር የምነካው፣ ሳላስበው።

ስለ ሆስፒታሉ ላውራ። አልጋው አናት ላይ ያለው ረጅሙ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። አባዬ ኦክስጅን ተሰክቶለት እንኳ ዓይኑ ከሱ አይነቀልም። "ስታርተሩ ነው" ይላል፤ የአምፖሉን ማስነሻ ማለቱ ነው። የሌሊት ነርሷ ሳቀችና ወንበር አመጣችልኝ። እሱ ከታች እያዘዘ እኔ ላዩ ላይ ወጥቼ ስታርተሩን አዞርኩ፤ እሷ በሩን ጠበቀች። ረጋ አለ። "ጎበዝ" አለኝ። ከዚያ ተኛ። እህቴ፣ ስምሽን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ለዚያች ሌሊት አመሰግንሻለሁ።

በየሌሊቱ ስንደውልላቸው "መጣሁ" ያሉን የሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎች፣ ሒሳብ እንኳ አልተቀበላችሁንም። ንፍሮና ዳቦ ተሸክማችሁ የመጣችሁ የቤተ ክርስቲያኑ ጽዋ ማኅበር እናቶች፣ አባዬ ለጥምቀት የዘረጋላችሁን መብራት እያነሳችሁ ስታለቅሱ ሰምቻለሁ። ሦስቱን ቀን ዱአ ያደረጋችሁ ሼኾቻችን፣ ውሃ የቀዳችሁ፣ ድስት ያጠባችሁ ልጃገረዶች፣ አላህ ይስጣችሁ። ጅዳ ያለችው እህቴ አሠሪዋ ስላልፈቀደችላት መምጣት አልቻለችም። ድንኳኑ ውስጥ ስልክ ይዞ ለሁለት ሰዓት ያለመቀመጥ ያሳያት የጎረቤት ልጅ አለ። ክንዱ ሲዝል በግራው፣ ግራው ሲዝል በቀኙ እያደረገ። ሃምሳ ላይ ስትደርስ የምትተኛዋ እሷ ናት።

አንዲት እናት ደግሞ ትንሽ ልጅ ይዛ መጣች። ልጁ የተወለደው ኅዳር 2014 ነው። ጦርነቱ ደርሶ ከተማዋ መብራት አጥታለች፣ ስልክ የለም። ምጧ ሌሊት መጣ። አባዬ የመኪና ባትሪና የ12 ቮልት አምፖል ይዞ ሄደ። ሴቶቹ ሲያዋልዱ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሽቦውን እንደያዘ አነጋ። ይህን እኛ አናውቅም ነበር። እማዬም አታውቅም። "ጎረቤት ሥራ ነበረኝ" ብሎ ነው የገባው። ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። ምን እንደተወራለት አልገባውም፣ አምፖሎቹን እየቆጠረ ነበር።

የሥራ ደብተሩን አገላብጫለሁ። የሞተር ዙር፣ የሽቦ ውፍረት፣ የሱቅ ዕዳ አለበት። ሌሎች ያለባቸው የእሱ ገንዘብ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ሽቦ በዱቤ የሚሰጠው ነጋዴ የኛን ገጽ ፊቴ ቀደደው። ከፋዮችም መጡ፤ ገሚሱን እኛ ጭራሽ አናውቀውም ነበር። አንድ ፎቅ ሙሉ አዘርግቶት ግማሹን ሳይከፍል የቀረው ተቋራጭ ግን አልመጣም። ስሙን አልጠራም፣ አባዬም ጠርቶት አያውቅም። አባዬ አፉ ብሎታል። እኔ ገና ነኝ።

ለቅሶ የደረሳችሁ፣ ቤት ውስጥ ማብሪያውን ፈልጋችሁ ያጣችሁ ሁሉ ይቅርታ። ግድግዳውን ከላይ ስትዳብሱ አይቻለሁ። ማብሪያው ከጉልበት ከፍ ብሎ ነው ያለው። እኔ ትንሽ ሆኜ ጨለማ ስለምፈራ፣ ከመኝታዬ ሳልነሳ እንድደርስበት ብሎ ነው እዚያ የገጠመው። ካደግን በኋላ ከፍ ላድርገው ሲል እማዬ ከለከለችው።

ገመዱን ለቅሬው ሰጥተናል። ረዳቱ ሁለት ወጣቶችን አሠልጥኗል፣ ስለ ሰባተኛው አምፖልም ነግሯቸዋል።

አሁን ወደ መሰላሉ። አባዬ ከመታመሙ በፊት ለአንድ ሰው አውሶታል፤ ለማን እንደሆነ አልጻፈም። እናንተ ዘንድ ካለ ለመመለስ አትቸኩሉ፣ ሥራችሁን ጨርሱበት። ግን ከታች ሦስተኛው እርከን ላልቷል። ስትወጡ ዝለሉት።