ሹሩባ መሥራትም ሥራ ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

የምጽፍላችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ትምህርት ሊከፈት ሲል ከአገር ቤት የሚመጡ ተማሪዎች በየቤታችን ያርፋሉ። እኛም ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ምክር እንጀምራለን። አንዱ ምክራችን ግን ልጆቹን እየጎዳ ነው።

«የራስሽ ሥራ ነው፤ ቀጣሪ የለሽ፤ ማን ይጠይቅሻል?» የሚለው።

ለእህቴ ልጅ ይህን ያልኳት እኔ ነኝ። ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ አካውንቲንግ ልትማር መጣች። ሹሩባ ስትሠራ እጅሽ ይባረክ ያሰኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔው ሳሎን ውስጥ መሥራት ጀመረች። ለመጽሐፍ መግዣ ትሆናታለች አልኩ እንጂ ሕግ የሚባል ነገር በሐሳቤ አልመጣም።

የኤፍ-1 ተማሪ ትምህርት ባለበት ወቅት በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል። ከዚያ ውጪ ያለ ፈቃድ የሚሠራው፣ የራሱ ቢሆንም፣ ያልተፈቀደ ሥራ ነው። ኡበር መንዳቱም፣ ምግብ ማድረሱም፣ እንጀራ ጋግሮ መሸጡም ያው ነው። ድርጅት ማስመዝገብ ወይም አክሲዮን መያዝ ብቻውን አይከለከልም። የሚያስጠይቀው ገብቶ መሥራቱ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ታመመችና ሁለት ኮርስ ጣለች። አስቀድማ የውጭ ተማሪዎችን ቢሮ ማስፈቀድ እንዳለባት አላወቀችም። በዚህ የተነሳ የተማሪነት ወረቀቷ ተበላሸ። ጠበቃው መጀመሪያ ላይ አጽናናን። እንዲህ ያለው ጥፋት ይስተካከላል፣ ወደ ሕጋዊ ተማሪነትሽ እንዲመልሱሽ ታመለክቻለሽ አላት። ማመልከቻው ላይ ግን አሜሪካ ውስጥ ሠርተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ያለ ፈቃድ የሠራ ተማሪ ደግሞ በዚህ በር አይገባም። መዋሸት አልፈለገችም። ባለፈው ጥር አዲስ አበባ ተመለሰች። እናቷ እስከ ዛሬ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ እሱ ነው የሚከብደኝ።

የሚያንገበግበኝ፣ ጥቂት ብትታገስ መንገድ ነበራት። ከተመረቁ በኋላ ኦፒቲ የሚባል የ12 ወር የሥራ ፈቃድ አለ። ፈቃዱ እጃቸው ከገባ፣ ሙሉ ጊዜ እስከሠሩና የንግድ ፈቃድ እስካወጡ ድረስ በተማሩት ሙያ የራሳቸውን ቢዝነስ መሥራት ይችላሉ። እሷም እስከዚያ ብትጠብቅ እዚሁ ለሱቆቻችን ሒሳብ በሠራች ነበር። ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለተማሩት የሚጨመረው 24 ወር ግን ቀጣሪ ይፈልጋል።

ሕጉ በጣም ጠብቋል ብዬ አምናለሁ። ካፍቴሪያ ውስጥ 20 ሰዓት ሳህን ማጠብ ከተፈቀደ፣ በዚያው ሰዓት ሹሩባ መሥራት ማንን ይጎዳል? ግን እስኪቀየር ድረስ ዕዳውን የሚከፍሉት ልጆቹ ናቸው፣ እኛ መካሪዎቹ አይደለንም።

ስለዚህ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ይህን ጉዳይ በአማርኛ አውጡልን። ሱቅና ምግብ ቤት ያላችሁ አንባቢዎችም፣ ተማሪ «ላግዛችሁ» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ ቢሮውን ጠይቆ እንዲመለስ ንገሩት።

አክስቷ
ከሲልቨር ስፕሪንግ