የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ «ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

ነገሩ ኅዳር ላይ ነው የተጀመረው። ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ተሰብስበን የመኪና ውድድር ልናደርግ ነበር። ጌሙ ሱፐርታክስካርት ይባላል። ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ ኮምፒውተሮቹን በኔትወርክ አገናኝቶ ልጆቹን እርስ በርስ ያጫውታል። ሁለተኛው ዙር ላይ ግማሹ ማሽን ስታክ አደረገ። መኪናዋ ቀጥ ትልና ስትመለስ ግድግዳ ውስጥ ገብታ ትገኛለች። «ቲቸር፣ ይሄ ማሽን አልቆለታል፣ ፎርማት ይደረግ» አሉኝ፤ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለታቸው ነው። እኛ አዳማ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ከሁሉም አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ይሄው ቃል ነው።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ግን ስክሪኑን ትታ ወደ ታች፣ ወደ ሲስተም ዩኒቱ ታይ ነበር። «ቲቸር፣ ይቺ መብራት ለምንድነው የማታርፈው?» አለችኝ። የሃርድ ዲስኩ መብራት ናት። ጌሙ ቆሟል፣ ማንም ምንም አልነካም፣ እሷ ግን ትርገበገባለች። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫንንና ታስክ ማናጀር፣ ማለትም የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እንደሚጠቀም የሚያሳየው መስኮት ተከፈተ። ዲስክ የሚለው አምድ 100 ፐርሰንት ይላል። ከዚያ ውስጥ የጌሙ ድርሻ ከምንም አይቆጠርም።

የዓመቱ ሥራችን ሁሉ ከዚያች መብራት የመጣ ነው።

የአምዱን ርዕስ ክሊክ ስናደርገው ዲስኩን የያዙት ከላይ ተደረደሩ። አንዱ የዊንዶውስ አፕዴት ነው። ሌላው አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪውተብል የሚባለው፣ ማለትም የዲፌንደር ቫይረስ ፈታሽ ነው። ሦስተኛው ፋይሎችን እየዞረ የሚመዘግበው የፍለጋ ኢንዴክሰር። ሦስቱም ሥራቸውን ነው የሚሠሩት። ግን ለምን ልክ እኛ ልንጫወት ስንል? መልሱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። ዊንዶውስ እንዲህ ያሉ ሥራዎችን ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ሰዓት መጨረስ ይመርጣል፤ ማንም ካልቀየረው አውቶማቲክ ጥገናው የተቀጠረው ለሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የእኛ ማሽኖች ደግሞ ሌሊት ጠፍተው ያድራሉ፣ አብዛኞቹም የሚበሩት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ ረቡዕ ስናበራቸው የሳምንቱን ውዝፍ ተሸክመው ነው የሚነሱት፣ እኛም በዚያችው ደቂቃ ጌም እንከፍትባቸዋለን። ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማህደር፣ 4 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፣ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደዚያው ወደተጨናነቀው ሃርድ ዲስክ ይገፋዋል። በቃ፣ ሁሉም አንድ በር ላይ ይጋፋል።

መፍትሔው ምንም ነገር መዝጋት አላስፈለገውም። ተረኛ መደብን። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ተረኛው 14ቱንም ማሽን አብርቶ ሳይነካቸው ይወጣል። 10 ሰዓት ላይ ስንገባ መብራቶቹ አርፈው እናገኛቸዋለን።

ጌሙ በሴኮንድ ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ምስል እንደሚስል ስክሪኑ ላይ ማሳየት ይችላል። ልጆቹ ደብተር አዘጋጅተው በየሳምንቱ ይመዘግቡ ነበር። አንዱ ማሽን ከ22 ወደ 43 ወጣ። ከቁጥሩ በላይ ደስ ያለኝ ግን ራሳቸው የደረሱበት ነገር ነው፦ አማካዩ ጥሩ ሆኖም ጌሙ ሊቆራረጥ ይችላል። በሴኮንድ 60 ፍሬም ማለት ለአንዱ ምስል ያለን ጊዜ 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ከጀርባ ያለ ፕሮግራም ጌሙን ለ200 ሚሊ ሴኮንድ ካስጠበቀው 12 ምስል አለፈ ማለት ነው። አማካዩ ላይ እምብዛም አይታይም፣ መኪናዋ ግን ግድግዳ ውስጥ ናት። ይህን ሰሌዳ ላይ የሠራው ልጅ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እጁን አውጥቶ አያውቅም።

ማሽን ቁጥር 7 ግን እምቢ አለ። በምሳ ሰዓት ቢበራም፣ ሙሉ ቀን ቢውልም ይጎተታል። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ታስክ ማናጀር ላይ ያለውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ የማያውቀውን ስም ሁሉ ደብተሩ ላይ እየገለበጠ። ደብልዩ ስክሪፕት የሚል ስም አራት ቦታ ተደጋግሞ አገኘ። ስሙ ራሱ የዊንዶውስ ነው፣ ስክሪፕት ማስኬጃ ነው። ጥፋቱ እሱን እየጋለበ የሚሠራው የተደበቀ ስክሪፕት ላይ ነው፤ ያ ፍላሽ ሲሰካ ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው፣ ፕሪንት ለማስደረግ ፍላሽ የሰጠ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቫይረስ። ሂደቱን አቆምነው፣ ስታርትአፕ የሚለው ገጽ ላይ አጠፋነው፣ ከዚያ ዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ እንዲያደርግ ተውነው። የተደበቁትን ፎልደሮች አትሪብ በምትባለው ትእዛዝ መለስናቸው። ፎርማት ብናደርገው ኖሮ ማሽኑ ይጸዳ ነበር፣ ፍላሾቹ ግን እዚያው ናቸው፣ በሳምንቱ ይመለስብን ነበር። «ዲፌንደርን እናጥፋው፣ ጌሙ ይፈጥናል» ላሉኝ ልጆች እምቢ ያልኩትም ለዚህ ነው። አሁንም እምቢ እላለሁ።

ኮምፒውተር እናፈጥናለን የሚሉ፣ ራም እናጸዳለን የሚሉ ፕሮግራሞችንም ላቡ ውስጥ ከልክያለሁ። ከጀርባ የሚሠራውን ለመቀነስ ብሎ ሌላ ከጀርባ የሚሠራ መጫን ለእኔ ትርጉም የለውም። የማያውቁትን ሁሉ መዝጋትም እንደዚያው ነው። አንድ ቀን አንዱ ዊንዶውስ ኤክስፕሎረርን ዘጋውና ታስክባሩም ዴስክቶፑም ድርግም ብለው ጠፉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያው ሦስቱን ቁልፎች ተጭነን ከታስክ ማናጀር መልሰን ከፈትነው። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ከመዝጋቱ በፊት ምን እንደሆነ መናገር የማይችል ልጅ አይዘጋም፣ ደንባችን ሆኗል።

የካቲትና መጋቢት ላይ ነፋሱ ሲጀምር ሌላ ችግር መጣ። ሁለት ማሽኖች አሥር ደቂቃ ያህል በደንብ ከሠሩ በኋላ ይዝላሉ። ዲስኩ ነፃ ነው፣ ራሙም አልሞላም፣ ከጀርባ የሚያስቸግር የለም። ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ ከፍተን ስንጠብቅ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ዓይናችን እያየ ወረደ። ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሽፋኑን ስንከፍት የአዳማ አቧራ ፋኑን እንደ ጥጥ ሸፍኖታል። በቀለም ብሩሽ ጠረግነው፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር አንዱ በጣቱ ይዞ።

ላፕቶፕ ያላቸው ልጆች ከቤት ያመጡት ጉዳይ ብዙም አልለፋንበትም። ቴሌግራም ከጀርባ ፊልም ሲያወርድ፣ ክሮም ከተዘጋ በኋላም እንዲሠራ ተፈቅዶለት ሲቀር፣ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራና ኃይል ሲቆጥብ። ሁሉም ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ በደቂቃ የሚስተካከል ነው፣ የመብራቱ ብቻ እስኪመጣ ይጠበቃል።

አንዳንድ ወላጆች «ትምህርት ቤት ጌም ያጫውታል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ጽሑፍ የምንጽፍበት ወርድ የሚባለው ፕሮግራም ሩብ ሴኮንድ ቢዘገይ ማንም አያስተውለውም፣ ጌም ላይ ግን ልጁ ወዲያው ይይዘዋል፣ ምክንያቱንም ሳያገኝ አይተኛም። ሚያዝያ ላይ የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ሲቆም የጠሩት የእኛን ልጆች ነው፤ አፕዴት ነበር፣ ነገሯት፣ ሻይዋን ጠጥታ እስክትመለስ አለቀ።

ግንቦት ላይ ውድድሩን እንደገና አደረግን። 14ቱም ማሽን እስከ መጨረሻው ዙር ደረሱ። ቁጥር 7 ላይ የተጫወተችው ያቺ መብራቷን ያየችው ልጅ ናት፣ ሦስተኛ ወጣች።

ለሚቀጥለው ዓመት ትልቁ ጉዳያችን ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለድጋፉ ማብቂያ የቆረጠው ቀን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፣ የእኛ ማሽኖች ደግሞ ለዊንዶውስ 11 አይበቁም። ክረምቱን ሁለቱ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭነን እንሞክራለን። ሱፐርታክስካርት እዚያም ላይ ይሠራል። መመዝገቢያ ደብተሩ ላቡ ውስጥ፣ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ክረምት ላይ መምጣት የሚችል አባል ረቡዕ በምሳ ሰዓት ይምጣ።