ለሴንሴይ፣ ለእናንተም ሁሉ፦ ምስጋና ከዮኮሃማ

ወገኖቼ፣ ጃፓናውያን ቡና ቆይዎች ፊት ቆሜ ስለ አገራችን ቡና በጃፓንኛ ንግግር ካደረግሁ ወዲህ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ከቶኪዮዋ ካትሱሺካ፣ ከናጎያ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ በአካል ከማላውቃችሁ ሳይቀር «እንኳን ደስ አለህ» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ቢያቅተኝ ይህን ጻፍኩ። የሆነውን አልተርክም፤ ቪዲዮውን አይታችሁታል። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ያለውንም ዝምታ አይታችኋል። እኔ ያን ቦታ እስካሁን ደግሜ ማየት አልቻልኩም። ማመስገን ግን እችላለሁ፤ ሳመሰግን ደግሞ ከጃፓንኛ አስተማሪዬ፣ ከሴንሴይ ሌላ የምጀምርበት የለኝም።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ስለዚህ ሴንሴይ እያልኩ እቀጥላለሁ። ያገኘኋቸው በሰፈራችን የሕዝብ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለውጭ አገር ሰው ጃፓንኛ በነፃ ከሚያስተምሩት በጎ ፈቃደኞች መካከል ነው። እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በአቤ ኢኒሼቲቭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እዚሁ ዮኮሃማ በተካሄደው አምስተኛው ቲካድ (የአፍሪካ ልማት ጉባኤ) ላይ ይፋ በሆነው፣ የአፍሪካን ወጣቶች ማስተርስ አስተምሮ ጃፓን ኩባንያ ውስጥ ልምምድ በሚያስገባው ፕሮግራም። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ጨረስኩ። ቡና የሚቆላ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ስቀጠር ግን ደንበኛ ፊት ቆሜ ሦስት ዓረፍተ ነገር አከታትዬ መናገር አልችልም ነበር። ሱቅ ገብቶ ዕቃ የሚያስገዛ ጃፓንኛ አንድ ነገር ነው፤ ዕቃ የሚያሸጥ ጃፓንኛ ሌላ ነገር ነው። እዚህ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ።

የንግግሩን የመጀመሪያ ጽሑፍ ስሰጣቸው ስምንት ገጽ ነበር። ኬይጎ የሚሉትን የአክብሮት ቋንቋ ከመጻሕፍት እየቀዳሁ ከላይ እስከ ታች ሞልቼበታለሁ። ሴንሴይ ቀይ እርሳሳቸውን አነሱና አንዲት ቃል ብቻ አከበቡ። «ያኩ» የምትለዋን። «ቡናውን ምን አደረጋችሁት?» አሉኝ። ያኔ ገባኝ። «ያኩ» ዓሣ ሲጠበስ ነው። ጥሬ ሲቆላ «ኢሩ» የሚባል የራሱ ቃል አለው፤ የሙያው ሰዎች ደግሞ «ባይሴን» ይላሉ። ቡና ሲቆላ እያየሁ ያደግሁ ልጅ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲቆሉ የኖሩ ሰዎች ፊት ቆሜ «ቡናውን ጠበስነው» ልል ነበር። ሴንሴይ አማርኛ አያውቁም፤ አማርኛዬ የሚያውቀውን ልዩነት ግን እሳቸው አስታወሱኝ።

ከዚያ ደግሞ «ኮሂ» መጣ፣ የዕለት እንጀራዬ የሆነው ቃል። ጃፓኖች ቡና ሲሉ አራት ምት ነው፤ ኮ፣ ኦ፣ ሂ፣ ኢ። እኔ በሁለት ምት እጨርሰው ነበር። የእኛ ጆሮ ማጥበቅና ማላላትን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው፤ «አለ» ስንል መናገሩን ይሁን መኖሩን ፊደሉ ሳይለወጥ በድምፁ እንለያለን። ስለዚህ የጃፓንኛው ማጥበቅ አላስቸገረኝም። አናባቢ መጎተት ግን በአማርኛ ቃል አይለይም፤ በጃፓንኛ «ኦባሳን» ሲያጥር አክስት፣ ሲጎተት አያት ነው። ሴንሴይ በእርሳሳቸው ጫፍ ጠረጴዛውን አራት ጊዜ እየመቱ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ያንን አንድ ቃል ይዘው ተቀመጡ። አንዴም በመሰልቸት አልተነፈሱም፣ አንዴም ሰዓት አላዩም። ከቴርሞስ የገብስ ሻይ ይቀዱልኛል፣ እንደገና ይመታሉ።

ከሁሉ የከበደኝ ስለ አለቃዬ መናገር ነበር። በእኛ አገር ታላቅ ሰው ማንም ፊት ቢነሳ «እሳቸው እንዲህ አሉ» ነው። በጃፓን ንግድ ደግሞ እንግዳ ፊት ስትቆም የራስህን ድርጅት ሰው በሙሉ፣ ፕሬዚዳንቱንም ጨምረህ፣ ዝቅ አድርገህ ነው የምትናገረው። «አሉ» ለማለት «ኦሻይማሺታ» ብለህ አታከብራቸውም፤ «ሞሺማሺታ» ብለህ ታወርዳቸዋለህ። አእምሮዬ ቢቀበለውም አፌ እምቢ አለ። አባቴን በአደባባይ አንተ እንደማለት ሆነብኝ። ሴንሴይ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ብቻቸውን አይደለም የምታወርዳቸው፤ አንተም አብረህ ነህ» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ቃሉ ከአፌ ወጣ።

ስለዚያች አንዲት ቅዳሜ ግን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። ንግግሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልተወው ወስኜ ነበር የሄድኩት። ሴንሴይ ወረቀቱን ገልብጠው አስቀመጡትና «በአገርህ ቋንቋ ንገረኝ» አሉ። «አይገባዎትም እኮ» ብላቸው «አውቃለሁ» አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሃያ ደቂቃ ያህል በአማርኛ ተናገርኩ፤ ያን አዳራሽ ያን ያህል አማርኛ ተሰምቶበት የሚያውቅ አይመስለኝም። ስጨርስ ዓይናቸውን ገልጠው «ሦስት ቦታ ላይ አመንኩህ፤ ሌላው ጋ የሰው ንግግር ስታነብ ነበር» አሉኝ። ቦታዎቹን በድምፄ ለይተው አሳዩኝ። አንደኛው ስለ ለቃሚዎቹ ሴቶች ያልኩት ነው። ሁለተኛው ባለ 60 ኪሎውን 300 ጆንያ ወደ ኮንቴይነር ስንጭን ነው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2008 ቡናችን ላይ ስለደረሰው ነው፤ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ስምንቱ ገጽ ሦስት ገጽ የሆነው ያን ዕለት ነው።

«ድምፅህ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ለምንድን ነው?» ብለውም ጠየቁኝ። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ነው አልኳቸው፣ እንደ እናንተው። «ለቅመን፣ አጥበን፣ አድርቀን፣ ላክን» የምንለውን እነሱም «ጹንዴ፣ አራቴ፣ ካዋካሺቴ፣ ኦኩሪማሺታ» ይሉታል፤ ቃል በቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ያን ሁሉ ወር ጃፓንኛውን ከእንግሊዝኛ እያዞርኩ ስሠቃይ ኖሬ አጠገቤ ያለውን በር ያሳዩኝ አማርኛ የማያውቁ ሴት ናቸው።

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ሁሉም ሲጠፋብኝ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ልክ እንደዚያች ቅዳሜ። በልቤ በአማርኛ «ሴቶቹ ከንጋት ጀምሮ ነው የሚለቅሙት» አልኩ፤ ጃፓንኛው ተከትሎ መጣ። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም። ሴንሴይ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ጥያቄ ሲከፈት ቀድመው እጃቸውን ያነሱትን አዛውንት ቡና ቆይም ማመስገን አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከአገራችን በመጣ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኝቶ ወደ ጃፓን የሚገባው ቡናችን ክፉኛ እንዳሽቆለቆለ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያኔ «ሞካ የለም» እያሉ የቆዩ ደንበኞቻቸውን የመለሱ ሰው ናቸው። (ከየመን ወደብ ስሙን የወሰደው «ሞካ» እዚህ የእኛንም ቡና ይዞ ይጠራል።) «ለደንበኞቼ ዛሬ ምን ልበላቸው?» ሲሉ ፍጥነታቸው አመለጠኝ። ደገሙልኝ፣ በአጫጭር ቃል፣ ቀስ ብለው። ቃሉን አሳጠሩልኝ እንጂ ጥያቄውን አላቀለሉልኝም። እንደ ነጋዴ ጠየቁኝ፣ እንደ ነጋዴ መለስኩ፤ ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ፣ በምን ጆንያ እንደታሸገ፣ የትኛው ላቦራቶሪ እንደመረመረው። ያ ክብር አይረሳኝም።

አለቃዬ እሳቸው (እዚህ በአማርኛ ነኝና እንደ ልቤ ላክብራቸው) የሥራ ሰዓት ሰጥተው አለማምደውኛል። የካትሱሺካ ሐበሾች ምግብ ጭናችሁ፣ ልብስ አበድራችሁ፣ አዳራሹን ሞልታችሁ መጥታችኋል። አብረን የመጣን የፕሮግራሙ ልጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ቤተሰቦቼ፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ ሁሉ፣ አመሰግናለሁ። እማዬ፣ ሌሊት ተነስተሽ በቪዲዮ ስትከታተዪ እንደነበር አሁን ነው የሰማሁት።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጣቢያ ድረስ የሸኘኝን፣ ስላይዱን እስከ ሌሊት ያስተካከለልኝን፣ በሩ ላይ ቆማ እንግዳ የተቀበለችልኝን ሁሉ እዚህ ሳልዘረዝር ቀርቻለሁ። እባካችሁ ይቅር በሉኝ፤ ስትደውሉ አንድ በአንድ አመሰግናችኋለሁ።

ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ሴንሴይ መጀመሪያ በራስህ ቋንቋ ተናገር ስላሉኝ ነው። ጃፓንኛውን ቅዳሜ ይዤላቸው እሄዳለሁ፣ ቀይ እርሳሱ ይነካዋል። ጀበናና ሲኒም ይዤ ነው የምሄደው። አዳራሹ ውስጥ እሳት ስለማይፈቀድ ቡናው እቤት ተቆልቶ ነው የሚመጣው፤ ሦስቱንም እንጠጣለን።