ኮዱ አንድ፣ ማሽኑ ብዙ

ይድረስ ለጋዜጣው የቴክኖሎጂ ዓምድ አዘጋጅ፤

ስለ ፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ብዕራችሁ ይባረክ። አንድ ቦታ ላይ ግን አልተስማማሁም። በሲ ቋንቋ የተሠራ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ፣ አንዴ ከተጻፈ በየትኛውም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ይሠራል ብላችኋል። እኔ እንዲህ ያለ አንድ ትንሽ ላይብረሪ በትርፍ ጊዜዬ ስጠግን ዓመታት ያስቆጠርኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። የትም የሚሠራው አንዴ ስለተጻፈ ሳይሆን አንድ ሰው ሳይሰለች ስለሚከታተለው ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በሲ ውስጥ ሎንግ የሚባል የቁጥር ዓይነት አለ። በ64 ቢት ሊኑክስና ማክኦኤስ ላይ 8 ባይት ይይዛል። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4 ባይት ብቻ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የቋንቋው ደንብ የሆነው ስታንዳርድ ከ32 ቢት (4 ባይት) አይነስ ይላል እንጂ ቁርጥ ያለ ስፋት አይሰጥም። ይህን በንባብ አውቀው ነበር። የገባኝ ግን አንድ ተጠቃሚ ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ሲከፍት ላይብረሪዬ የፋይሉን መጠን ከዜሮ በታች አድርጎ ሲነግረው ነው። እኔ ጋ ሊኑክስ ላይ ስሞክረው ምንም የለበትም፣ ደግሜ ስሞክረውም ምንም የለበትም፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ ፈልጌ በመጨረሻ የፋይል ቦታ የሚነግረው ኤፍቴል የተባለው ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ ዝግጁ የኮድ ክፍል) መልሱን በሎንግ እንደሚሰጥ አየሁ። ዊንዶውስ ላይ ያ መልስ ከ2 ጊጋባይት በላይ መቁጠር አይችልም። ለዚያ ሌላ ፈንክሽን አለው።

አንዲት ፊደልም ጉድ ታፈላለች። ፋይል ሲከፈት ባይነሪ (ተራ ጽሑፍ ያልሆነ) መሆኑን የምትናገረዋን ቢ ብትረሱ ሊኑክስ ምንም አይልም። ዊንዶውስ ላይ ግን ባይት 10 (የአዲስ መስመር ምልክት) በጻፋችሁ ቁጥር ከፊቱ ባይት 13 ይጨመርበታል፤ ስታነቡ ደግሞ ባይት 26 ካጋጠመ ፋይሉ እዚያው ያለቀ ይመስላል። ፎቶ ወይም የተጨመቀ ፋይል ከሆነ አበቃለት።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ስሙ አንድ ሆኖ ጠባዩ ሁለት የሆነ ፈንክሽን ነው። የሌለ ፈንክሽን ብትጠሩ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ወይም ክፍሎቹን የሚያገናኘው ሊንከር ይጮሃል፣ ታስተካክላላችሁ። ለመደርደር የሚያገለግለው ኪውሶርት_አር ግን ማክኦኤስም ላይ አለ፣ በብዛት ሊኑክስ ላይ የሚገኘው የጂኤንዩ ሲ ላይብረሪ ውስጥም አለ፣ የሚቀበላቸው ነገሮች ቅደም ተከተል ግን ይለያያል።

ኮዱን ሳትነኩትም ይሰበራል። ጽሑፍ በጥንቃቄ የሚቀዳው ስትርኤልሲፒዋይ እ.ኤ.አ. በ1998 ኦፕንቢኤስዲ ከተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጣ። የጂኤንዩ ሲ ላይብረሪ ግን እስከ 2023 ድረስ፣ ስሪት 2.38 እስኪወጣ፣ አልነበረውም። በመሃሉ ብዙዎቻችን የራሳችንን ቅጂ ጽፈን ይዘን ነበር። እሱ ሲጨምረው የእኔ ቅጂ ከእሱ ጋር ተጋጨና ለዓመታት ያልነካሁት ፋይል መገንባት እምቢ አለ። በጎ ለውጥ ነው፣ ስንጠብቀው የኖርነው ነገር ነው። የሚያስተካክል ሰው ግን ይፈልጋል።

የዚህ ሰው ጉዳይ ነው ብዕር ያስነሳኝ። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ፣ ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ፣ ሆን ተብሎ የተቀመጠ የጓሮ በር፣ ማለትም ሰርጎ ለመግባት የሚያስችል ድብቅ ኮድ፣ ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር ነው፤ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስችል ብሎት ሲቆፍር። የኤክስዜድን ላይብረሪ ለዓመታት የጠገነው አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። አቅሙ ውስን መሆኑንም በግልጽ ተናግሮ ነበር። ሊያግዝ የመጣ መስሎ አመኔታ ያገኘ ሰው ነው በሩን የከፈተው። ማስነሻው የተደበቀው ደግሞ ላይብረሪው በየሲስተሙ እንዲገነባ ከሚያዘጋጁት ረጃጅም ስክሪፕቶች መሃል ነው፤ ማለትም የትም ይሥራ ተብሎ የተጻፈው፣ ማንም ቁጭ ብሎ የማያነበው ክፍል ውስጥ። እኔም የራሴን አላነበውም ነበር። ያን ሰሞን መስመር በመስመር አንብቤ ለምን እንዳለ ያልገባኝን ሁሉ አወጣሁ።

ዛሬ የሲስተሞቹን ልዩነት የሚመለከተው ኮድ በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ለውጥ ሳስገባ በሊኑክስ፣ በዊንዶውስ፣ በማክኦኤስና በፍሪቢኤስዲ ላይ በራሱ ይሞከራል። ያልሞከርኩበትን ደግሞ ይሠራል አልልም። በዚህ ምክንያት አንድ የቆየ ሲስተም ከዝርዝሩ አወጣሁና አንድ ተጠቃሚ አዝኖ ጻፈልኝ። ማሽኑ የለኝም፣ አንተ ጋ ካለ እያንዳንዱን ስሪት ከመውጣቱ በፊት ሞክርልኝ አልኩት። እሺ አለ። ሦስት ዓመት ሆነው፣ አንድም ስሪት አላለፈውም፣ ሲስተሙም ወደ ዝርዝሩ ተመልሷል። ገንዘብ ከሚልክልኝ ሰው ይልቅ እንዲህ ያለው ሰው ያሳርፈኛል።

ስለዚህ አንባቢዎቻችሁ ውስጥ የሰው ላይብረሪ የሚጠቀም ፕሮግራመር ካለ፣ ስህተት ሲያገኝ «አይሠራም» ብሎ አይተው። የትኛው ሲስተም፣ የትኛው ኮምፓይለር፣ ስሪቱ ስንት እንደሆነ ይጻፍ፣ ችግሩን የሚያሳይ አሥር መስመር ኮድ ይጨምርበት። የተለየ ማሽን ያለው መሥሪያ ቤትም ለሙከራ ያውሰን። እናንተም ያችን ዐረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም ብታስተካክሏት ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
የዓምዱ የዘወትር አንባቢ